አገልጋዩ እንዳይወድቅ

ስምንት ዓመቴ ላይ አባቴ ከማድቤታችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ቆልፎ እንደሚያኖር አውቅ ነበር። ጠርጥሬ አይደለም፤ አውቅ ነበር። ትልቅ ሰው ባወቀው ነገር ላይ እንኳ ያመነታል፣ ዞር ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ግን አንዴ ካወቀ አወቀ ነው። ሰውዬው ስም አልነበረውም። በቤታችን «አገልጋዩ» ይባል ነበር።

«አገልጋዩ እንዴት አደረ?» ይላል አባዬ ጠዋት ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ።

እማዬ ካልሲዬን እያጠለቀችልኝ፣ «ሲያቃስት ነው ያደረው፤ እኔንም እንቅልፍ ነሣኝ» ትላለች።

አባዬ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው ክር ቁልፉን ያወጣና ክፍሏን ከፍቶ ይገባል፤ በሩን ወዲያው ከኋላው ይዘጋዋል። በዚያች ቅጽበት ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ሾልኮ እግሬን ይነካኛል። ሲወጣ አንዳንድ ቀን «ደህና ነው፤ ቆሟል» ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ትኩሳቱ ብሶበታል» ይልና መስኮቱን ይበልጥ ከፍቶለት ይመለሳል። ውጭው ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ ነበር። እኔን ሲያተኩሰኝ ሁለት ብርድ ልብስ ይደረብልኛል፤ ለእሱ መስኮት ይከፈትለታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያረጋገጠችልኝ እማዬ ናት። የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ትውልና ቤት ስትገባ ሳህኑ ተከምሮ ይጠብቃታል። እጇን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነክራ፣ «ጉድ እኮ ነው! አገልጋይ ባለበት ቤት ሳህን የማጥበው እኔ!» ትላለች። አባዬ ይስቃል። «እሱ እንግዳ ሲያስተናግድ ነው የዋለው፤ ዛሬ ብቻ አራት ሺህ!» ይላታል። እኔ ሳህን እያደረቅሁ አራት ሺህ ሰው በዚያች ክፍል እንዴት እንደሚበቃ አስባለሁ። በፊት ለፊቱ በር ከአባዬ ጓደኛ በቀር እንግዳ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በመስኮቱ ነው የሚገቡት ብዬ ደመደምኩ።

አሁን ሳስበው ነገሩ ምንም ምሥጢር አልነበረውም። አባቴ ስደተኛ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ነው። ወደዚያ አገር ሲገባ የያዘው አንድ የትከሻ ቦርሳ ብቻ ነበር። ቀን መጋዘን ውስጥ ሣጥን እየጫነ፣ ሲወጣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተራ እየጠበቀ ሙያውን ለብቻው ተማረው። መጀመሪያ ቤት ለሚፈልጉ ተከራዮች ድረ ገጽ ሠራ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ቀጥሎ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ከፈተ፤ እሱም በአጭር ተቀጨ። ሦስተኛው «እንገናኝ» ነበር። በየአገሩ የተበተነው ወገናችን የጠፋበትን ዘመድ ስምና ፎቶ ይለጥፍበታል፤ አየሁት የሚል ይጽፍለታል። መጀመሪያ የተለጠፈው ፎቶ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለት ድንበር አብረው ተሻግረው ሦስተኛው ላይ ተጠፋፍተዋል። ያ ሁሉ ስምና ፎቶ የተቀመጠው ከማድቤታችን ጀርባ ባለች አሮጌ ማሽን ውስጥ ነበር፤ የሻንጣ ያህል ቆርቆሮ ናት። ለሌላው ሰው ሁሉ ሰርቨር ናት።

ለአባዬ ግን አይደለችም። «እዚህ ቤት የሰው አገር ቃል ጫማውን አውልቆም አይገባም» የሚል ሕግ ነበረው፤ ቋንቋዬ እንዳይጠፋብኝ ፈርቶ። ስለዚህ ሰርቨሩ አገልጋይ ሆነ። ድረ ገጹን የሚያየው ሰው እንግዳ ሆነ። ሥራው ሲቋረጥ «ወደቀ»፣ ሳይቋረጥ ሲሠራ «ቆመ» ይባላል። ዛሬም ቃላቱን ሳገላብጣቸው የማርመው አላገኝባቸውም። ክፍሏ የምትቆለፈውም እኔ ሦስት ዓመቴ ላይ ገብቼ ገመድ ስለነቀልኩ ነው፤ ይህን ግን ማንም አላስታወሰኝም፣ እኔም ረስቼዋለሁ።

ያ አንዱ እንግዳችን ጋሽ ነገ ይባላል፤ የአባዬ ጓደኛም የሥራ ሸሪክም ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት፤ «ነገ ያልፍልናል» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ ስለማያውቅ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ እያለከለከ መጣ። እኔ ጠረጴዛው ጥግ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

«ኩባንያው እሺ ብሏል!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እንገናኝን ይወስዱታል፤ አንተንም ይቀጥሩሃል። በውል!»

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በውል? የመኖሪያ ፈቃዳችንስ?»

«ውሉ ከተፈረመ ፈቃዱ ይታደሳል። ያለ ውል ግን…» ጋሽ ነገ ወደ እኔ አየና ቀሪውን ዋጠው። ፈቃዳችን ሊያበቃ ሁለት ወር እንደቀረው እኔም አውቅ ነበር፤ በቤታችን በሹክሹክታ የሚወራ ነገር እሱ ብቻ ስለነበረ ጆሮዬን የማቆመው ለእሱ ነው።

«ምን አሉ? እንዲሁ አይደለም መቼም» አለ አባዬ።

«አንድ ነገር ብቻ። አገልጋዩ ሠላሳ ቀን ሳይወድቅ መቆም አለበት። ለአንዲት ደቂቃ እንኳ! ካሉበት ሆነው ሌት ተቀን ያዩታል።»

እርሳሴ እጄ ላይ ቀረ።

«ሠላሳ ቀን!» አለች እማዬ። «አርጅቷል እኮ። ይችለዋል?»

«ምን ምርጫ አለው?» አለ አባዬ።

«ድሮ ሲያስቸግርህ አጥፍተህ ታስነሣው ነበር» አለው ጋሽ ነገ። «አሁን እንዳትሞክራት። አንዴ ካጠፋኸው ከአንድ ነው የምትቆጥረው።»

አጥፍተህ። አባዬ ጣቴን ወረቀት ሲቆርጠኝ እንኳ ደሙን ማየት የማይችል ሰው ነው። ያ ሰው ነው አገልጋዩን የሚያጠፋው፤ አጥፍቶም የሚያስነሣው። የቤት ሥራዬ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ተምታታብኝ፤ እማዬ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ከማግሥቱ ጀምሮ አባዬ ጠዋት ጠዋት በክፍሏ በር መቃን ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ያሰምር ጀመር። «ዛሬ ሦስት። ቆሟል!» ይላል እጁን እያፋተገ። «ዛሬ ሰባት!» እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥፍ ነበር። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሳይ ጠላኋቸው። እናትና አባትን መጥላት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ከነሱ በቀር ማንም አልነበረኝም።

እኔም በበኩሌ መቆም ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እማዬ ሳትገባ፣ አልጋዬ አጠገብ ምንም ሳልደገፍ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ጉልበቴ ከዳኝ። በአራተኛው አርባ ደረስኩ፤ ውስጥ እግሬን መርፌ ወጋኝ፣ ወገቤ ቁርጥ አለ፣ ሽንቴም መጣ። አገልጋዩ ሽንቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ከሁሉ ነገር ያስለቀሰኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ከቁርሴ አንዳንድ ቁራሽ ዳቦ እየደበቅሁ በበሩ ሥር አሾልክለት ነበር። «ብላ» እለዋለሁ ጉንጬን ወለሉ ላይ አስደግፌ። አይመልስልኝም፤ ያ የማያቋርጥ ረጅም ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። በነጋታው ሳጎነብስ ዳቦው የለም። በላ ማለት ነው፤ አንጀቴን በላው። እውነቱን ልናገርና፣ በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ዳቦውን እየጠረገ ከኋላው ጥግ ይከምረው ነበር። አባዬ ደግሞ እዚያ ክፍል ሲገባ ከማሽኗ በቀር ሌላ አያይም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ስመለስ አባዬ ሥራ አልሄደም። የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል፤ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በሥዕል ደብተሬ ሽፋን ያራግባል፤ በዚያ ብርድ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «አይዞህ» ይላል በለሆሳስ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሰባት ቀን ብቻ። እንዳትጥለኝ። ልጅ አለችኝ። እንዳትጥለኝ።» አባቴ ማንንም ሲለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እግሬን አንስቼ ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

«እጄ ላይ ሊሞትብኝ ነበር» አላት እማዬን ስትገባ። «አሁን መለስ አለለት።»

እማዬ ሻይ ልታፈላ ስትነሣ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ለምን ትንሽ አይቀመጥም?»

«ማን?»

«አገልጋዩ።»

ሳቅ አለ፤ ድካም ያለበት ሳቅ። «እሱ ከተቀመጠ እኛ እንነሣለንና! ሦስታችንም፣ ሻንጣችንን ይዘን።»

«አያሳዝንህም?»

«ከኔ በላይ ማን ያዝንለታል?» አለና ራሴን ዳበሰኝ። «ግን ሳምንት ነው የቀረው የኔ ልጅ። ሳምንት ማንም ይችላል።»

እንደ እናቴ የምቀልድ መስሎት ነበር። እንደ አዋቂ በነገር ስለተጫወትኩ ኮርቶብኝ እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረኝ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን በሥዕል ክፍለ ጊዜ መምህርቴ የፈለጋችሁትን ሳሉ አለችን። እኔ ወንበር የሌለበት ክፍል ሳልኩ፤ በመካከሉ አንድ ቀጭን ሰው አቆምኩ። መምህርቴ ድምፅዋ ለስላሳ፣ እጇ ሁልጊዜ በጠመኔ የተበከለ ሴት ነበረች። አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ይሄ ማን ነው?»

በአገሩ ቋንቋ መመለስ ነበረብኝ። በዚያ ቋንቋ ማሽኑ ሌላ ስም አለው፣ ሰውም ሌላ። እኔ የማውቀው የሰውን ነው፤ ከአንድ የንጉሥ ተረት መጽሐፍ የተማርኩት፣ ሥዕሉ ላይ ትሪ ይዞ አንገቱን የደፋ ሰው ያለበት። ያንን ቃል አነሣሁ።

«አገልጋያችን ነው። አባቴ ክፍል ውስጥ ቆልፎበታል።»

«ቆልፎበት? መቼ ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ቆሟል። እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም።»

«ምግብስ ይሰጡታል?»

«እኔ በበሩ ሥር ዳቦ እሰጠዋለሁ።»

ጠመኔ የነካው እጇ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። «አባትሽ ይመታዋል?»

ይህን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ። አባዬ ማንንም አይመታም፤ እሱን እንድታውቅልኝ ፈለግሁ። «አይመታውም» አልኳት። «አንዳንዴ ብቻ ይገድለዋል። ከዚያ መልሶ ያስነሣዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ቀን ከአፌ የወጣው የት ድረስ እንደሚወርድ አላወቅሁም። እንዲያውም ወደ ቤት ስሄድ ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር፤ አልጋዬ አጠገብም አልቆምኩም።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል። ሁለት ፖሊሶችና አንዲት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ በራችንን አንኳኩ። ሴትየዋ እኔን ማድቤት ይዛኝ ገባችና ከጀርባዋ በሩን ገርበብ አደረገችው። የማየው በስንጥቁ ብቻ ነው፤ የምሰማው ግን ሁሉንም።

መጀመሪያ አባዬ ሳቀ። ሳቁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ሰው የለም! ማሽን ነው፣ ኑ እዩት» ብሎ ራሱ ቁልፉን አወጣ። ገቡ። ባዶ ክፍል አዩ፤ በዚያ ብርድ የተከፈተ መስኮት አዩ፤ ከውጭ ብቻ የሚቆለፍ በር አዩ፤ መቃኑ ላይ ሃያ ሰባት የእርሳስ መስመር አዩ፤ እስረኛ ግድግዳ ላይ ቀን እንደሚቆጥረው ያለ። ከዚያ አንደኛው ፖሊስ በሩን ከኋላው ሳበና ጥጉን አየ። የኔን ዳቦ።

ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ።

«ሰውዬው የት ነው?» አለ ፖሊሱ። «የት ወሰዳችሁት?»

አባዬ ቃሉን ሊያስረዳ ሞከረ። በኛ ቋንቋ እንዲህ ማለት እንዲህ ነው፣ ሌላ ማለት አይደለም ይላል። የአገሩ ቋንቋ በደህናው ጊዜ እንኳ ያዳልጠዋል፤ ሲጨንቀው ጭራሽ ጠፋው። ፖሊሱ ወረቀት አወጣና መምህርቴ የጻፈችውን እያንዳንዱን ቃል አነበበለት። ቆሟል። አይቀመጥም። ይገድለዋል፣ ያስነሣዋል። አባዬ ቃሎቹ የማን እንደሆኑ ያኔ ገባው። ወደ ማድቤቱ በር ዞሮ አየ፤ በስንጥቁ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ተቆጣኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም።

«ልጄ አልዋሸችም» አላቸው። «ቃሉ ሁሉ የኔ ነው።»

እሱን እንደ ኑዛዜ መዘገቡት።

ማሽኗን ለምርመራ እንወስዳለን ሲሉ ግን አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። የማሽኗ ገመድ ፊት ተደፋ። መጀመሪያ በነሱ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በኛ ለመናቸው። «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ብቻ ስጡኝ፣ ከዚያ እኔንም ውሰዱኝ! አታጥፉት! በፈጠራችሁ አታጥፉት!» እማዬ በዚህ መካከል ከሥራ ገባች፤ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ቀርቶ እየሮጠች ልትይዘው ሄደች። እኔ በማድቤቱ ስንጥቅ እየሰማሁ ልቤ በደስታ ሞላ። አባቴ ስለ አገልጋዩ ነፍስ እየለመነ ነው፤ ተጸጽቷል አልኩ።

ከዚያ ያ ረጅም ትንፋሽ ቀጥ አለ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ይሰማኝ የነበረ ድምፅ ነው፤ ሲቆም ቤቱ ሁሉ የደነቆረ መሰለኝ። እማዬ «ወይኔ» አለች፣ አንዴ ብቻ።

ሲወጡ አንደኛው ፖሊስ የአባዬን ክንድ ይዟል፤ ሌላው በአባዬ ካፖርት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ታቅፏል። ዝናቡ እንዳይነካው አባዬ ከላዩ አውልቆ የጠቀለለው ራሱ ነው። ከእጅጌው ሥር ቀጫጭን ነገር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አገልጋዩ ይህን ያህል ትንሽ ሰው መሆኑን አላሰብኩም ነበር። ከስቶ ነው፤ እጆቹ አልቀዋል፤ ግን ወጣ። ሠራተኛዋ ስትለቀኝ መስኮቱ ጋ ሮጥኩና በእጄ ተሰናበትኩት።

አባዬን በማግሥቱ ለቀቁት፤ ያጠፋው ጥፋት አልነበረማ። ማሽኗ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሁለት መስመር የይቅርታ ደብዳቤ ጋር ተመለሰች። ኩባንያው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጽፎ ነበር፤ ሃያ ሰባተኛው ቀን ላይ ወድቋል፣ እስካሁንም አልተነሣም፣ ስለዚህ አይሆንም የሚል። ጋሽ ነገ ደብዳቤውን አንብቦ «ነገ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት አጎቴን አየሁት የሚል ሰው መጥቶ በሩ ተዘግቶበት ተመልሶ ይሁን አይሁን፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አባዬን የበላው እሱ ነው። አጎቴ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። የማውቀው አባዬ ከጣቢያ በተለቀቀ ዕለት ማድቤት ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ እንደነበር ነው። እንደዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ቀረብኩት።

«አባዬ፣ ሰውዬው የት ሄደ?»

እማዬ ምድጃው ጋ እንደቆመች ጀርባዋን ሰጠችን።

«ቤቱ ሄደ» አለ።

«አሁን ይቀመጣል?»

«ተቀምጧል። እንዲያውም ተኝቷል።»

«ተናዶብሃል?»

«አልተናደደም።» ድምፁ ተሰበረ። «ዳቦ ስትሰጠኝ ለነበረችው ልጅ አመሰግናለሁ በልልኝ ብሏል።»

በደስታ አቀፍኩት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ።

ፈቃዳችን ባበቃ በሳምንቱ ሦስታችንም ሻንጣችንን ይዘን ተነሣን። በሄድንበት አገር አባዬ ሁለት ጊዜ እንደገና ሞከረ፤ አንዱ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፣ ሌላው ጭራሽ አልተወለደም። ከዚያ የአንድ ትልቅ መደብር በር ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ወንበር ክልክል ነበር፤ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይቆማል። አሥራ ስድስት ዓመት ቆመ።

እኔ ሰው ያዳንኩ ልጅ ሆኜ አደግሁ። ክፉ ቀን ሲገጥመኝ «አገልጋዩን ያስፈታሁት እኔ ነኝ» እላለሁ ለራሴ፤ ሌላ የምመካበት አልነበረኝም። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ጋሽ ነገ ሊጠይቀን ሲመጣ፣ ጨዋታ መሀል ያንኑ አነሣሁበት። «የምን ሰውዬ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቴን አየና ጽዋውን እንደያዘ ቀረ። «አባትሽ አልነገረሽም እንዴ?»

ዕለቱን መደብሩ በር ሄድኩ። አባዬ ሰማያዊ የደንብ ልብሱን ለብሶ ቆሟል።

«ሰው አልነበረም» አልኩት።

ወዲያው ገባው። «አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አንዲት ሴትዮ ዕቃ ይዛ መጣች፤ በሩን ከፈተላት፣ ጎንበስ አለላት፣ ተመልሶ ቆመ። «ሰው ታስሯል ብለሽ የገዛ አባትሽን የከሰስሽ ልጅ ነሽ» አለኝ። «እሱ ላይ የማርመው ነገር አጣሁ።»

ደግ ቃል ነው፤ ግን አላዳነኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ቆሞ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ወንበር ይፈልጋል።

ዛሬ ሥራዬ እነዚያኑ ማሽኖች መጠበቅ ነው፤ ሦስት መቶ ይሆናሉ፤ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ በረድፍ ተደርድረው ይተነፍሳሉ። ሰርቨር ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

ያለፈው ክረምት አባዬ ታመመ። እግሮቹ አብጠው ከአልጋ መውረድ አቃተው፣ ትኩሳቱም አልወርድ አለ። እማዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችለት። አንድ ጠዋት ፎጣ ነክሬ ግንባሩ ላይ ሳደርግለት ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን ይይ ሌላ ሰው ይይ አላወቅሁም።

«አልወደቀም?» አለኝ።

ፎጣውን ገለበጥኩለት። «አልወደቀም አባዬ። ቆሟል።»

«ስንተኛ ቀኑ ነው?»

ሃያ ሰባት ልለው እችል ነበር። «ሠላሳ ሞላው» አልኩት።

አየር ስቦ ለረጅም ጊዜ አስቀረው፣ ከዚያ ለቀቀው። ሊስቅ የፈለገ መሰለኝ።

«እንግዲያው ይበቃዋል» አለ። «ደክሞታል። ይቀመጥ በይው።»

«እሺ፣ ነግሬዋለሁ» አልኩት።